ከኢንሰርቱ ሥር ያለውን እዩ፦ የፊት ቦይ የሚቆርጠውን ሆልደር ስለመምረጥ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ። ጉዳዩ የፊት ቦይ ነው፤ ቶርኖ ላይ የታሰረ ዕቃ ግንባሩ ላይ የሚቆረጠው ቀለበት መሳይ ቦይ። አብዛኛውን ጊዜ የኦሪንግ፣ ማለትም የክብ ጎማ ማሸጊያ፣ ማረፊያ ነው። አንዳንዴም ክብደት ለመቀነስ ብቻ ይቆረጣል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ገና ስጀምር የዚህን ያህል ኢንሰርት (ሆልደሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ተቀያሪ መቁረጫ) የፈጀብኝ ሥራ አላስታውስም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ አንድ

«ጋሼ፣ ቶርኖ ላይ ከሠራሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የብረት ፍላንጅ ግንባር ላይ ቦይ እንድቆርጥ ተሰጠኝ። የቦዩ የውጭ ዲያሜትር 58 ሚሊሜትር ነው፣ የውስጡ 48፣ ጥልቀቱ 6። እኛ ጋ ያለው ሆልደር 3 ሚሊሜትር ኢንሰርት ይይዛል። ጎኑ ላይ 80–130 የሚል ተጽፎበታል፤ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ጥሩ አድርጎ ቆረጠ። ከዚያ መጮኽ ጀመረ። የቦዩ የውጭ ግድግዳ ተቧጨረ። ኢንሰርት ቀየርኩ፤ ያው ነው። ፍጥነት ቀነስኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ችግሩ ኢንሰርቱ ነው ወይስ እኔ?»

ወንድሜ፣ ኢንሰርቱም አይደለም፣ አንተም አይደለህም። ሆልደሩ ለዚህ ቦይ የተሠራ አይደለም። 80–130 የሚለው ሆልደሩ የሚገባበት ትንሹና ትልቁ የቦይ ዲያሜትር ነው፤ ይህንኑ ሊነግርህ ነው የተጻፈው።

እስቲ መጀመሪያ ሆልደሩን ፍታው። ኢንሰርቱን የተሸከመውን ቀጭን ክፍል ታያለህ፤ እኔ ምላስ እለዋለሁ። በጨርቅ ጥረገውና ከጎን መብራት አብራበት። በውጭ በኩል፣ ከኢንሰርቱ ወረድ ብሎ፣ የሚያብረቀርቅ ቦታ ታገኛለህ። ግድግዳውን ሲፍቅ የነበረው እሱ ነው። ጩኸቱም የመጣው ከዚያ ነው።

ይህን የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አራት የፓምፕ ክዳኖች ተሰጥተውኝ ሁለቱን አበላሸሁ። ግድግዳቸው ላይ ልክ አንተ የምትለው ዓይነት ጭረት ወጣ። እኔ የማየው ኢንሰርቱን ብቻ ነበር። በአጉሊ መነጽር ሳይቀር መረመርኩት። ጫፉ ደህና ነው። ሦስተኛውን ክዳን ላስር ስል አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ መጣና ጥቁር ማርከር አውጥቶ ምላሱን ግራና ቀኙን ቀባው። «ትንሽ ግባና መጮኽ ሲጀምር ወዲያው ውጣ» አለኝ። ገብቼ ወጣሁ። ቀለሙ በሙሉ አለ። ከታች በውጭ በኩል ብቻ የጥፍር ያህል ቦታ ተልጦ ብረቱ ነጭ ሆኗል። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ሆልደር ስሞክር ምላሱን ማርከር ሳልቀባ አልጀምርም። አንተም እንደዚሁ አድርግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ዕቃውን ነው።

አሁን ለምን እንደሚነካ ላስረዳህ። ኢንሰርቱ የሚቆርጠው በዕቃው መሃል ከፍታ ላይ ሆኖ ነው። ምላሱ ግን ከኢንሰርቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ 10 ሚሊሜትር፣ 15 ሚሊሜትር፣ ከዚያም በላይ። ባይወርድ የመቁረጡን ኃይል አይችለውም። ቦዩ ደግሞ ክብ ነው። ከመሃል መስመሩ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር የውጭው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

ያንተን እናስላው። ዲያሜትሩ 58 ስለሆነ ራዲየሱ 29 ነው። ከመሃል 10 ሚሊሜትር ታች ግድግዳው የት ነው? 29 በ29 ሲባዛ 841። 10 በ10 ሲባዛ 100። ሲቀናነሱ 741፣ ስኩዌር ሩቱ 27.22። ከ29 ስትቀንሰው 1.78 ይመጣል። እዚያ ጋ ግድግዳው 1.78 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሆልደርህ የሚችለው ትንሹ ዲያሜትር 80 ነው። በዚያው ስሌት የ80ው ግድግዳ 10 ሚሊሜትር ታች ላይ የሚታጠፈው 1.27 ብቻ ነው። ምላሱ የተጠማዘዘው ለእሱ ነው። ልዩነቱ 0.51 ሚሊሜትር። ምላሱ ከኢንሰርቱ የሚሳሳው በየጎኑ በጣም በጥቂቱ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሚውጥ ክፍተት የለውም።

መጀመሪያ ላይ ደህና የቆረጠውም ለዚህ ነው። ኢንሰርቱ ከምላሱ ትንሽ ወደ ፊት ይወጣል። ቦዩ ገና ጥልቅ ሳይሆን ምላሱ ውጭ ነበር። እሱም ሲገባ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ፍጥነት ብትቀንስ፣ ኢንሰርት ብትቀይር ይህ አይቀየርም።

የተገላቢጦሹም አለ። ለትንሽ ክብ የተጠማዘዘ ምላስ ትልቅ ክብ ውስጥ ሲገባ ከሚገባው በላይ የታጠፈ ይሆናል። ያኔ የሚነካው የታችኛው የውስጥ ጎኑ ነው። ስለዚህ ማርከሩ የተላጠበት ጎን ይነግርሃል። በውጭ በኩል ከተላጠ ሆልደሩ ለዚህ ቦይ ትልቅ ነው። በውስጥ በኩል ከተላጠ ትንሽ ነው።

ስለ ቁጥሩ አንድ ማሳሰቢያ። 80–130 ሲል በተለምዶ የሚለካው በቦዩ የውጭ ጠርዝ ነው። ያንተ ቦይ 58 ነው እንጂ 48 አይደለም። ያም ሆኖ ካታሎጉ ላይ ያለውን ሥዕል ሳታይ አትዘዝ። የዲያሜትሩ ቀስት የትኛው ጠርዝ ላይ እንዳረፈ እይ። በቃልህ አትመን።

ካታሎግ ስታገላብጥ ሌላ ነገር ታስተውላለህ። ለትንንሽ ዲያሜትር የተሠሩ ሆልደሮች የሚሸፍኑት የዲያሜትር ክልል ጠባብ ነው። ለትልልቆቹ ደግሞ አንድ ሆልደር ብዙ ይሸፍናል። ሻጩ ሊበዘብዝህ አይደለም። አስላው። ከ40 ወደ 60 ዲያሜትር ስትሄድ በ10 ሚሊሜትር ታች ያለው መታጠፍ ከ2.68 ወደ 1.72 ይወርዳል፤ ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ልዩነት ነው። ከ200 ወደ 300 ስትሄድ ግን ከ0.50 ወደ 0.33 ነው። ለትልቅ ክብ አንድ ምላስ ብዙ ሥራ ይችላል። ለትንሽ ክብ ግን ልኩን መያዝ ግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ይኸውና። የሆልደሩ ቁጥር የሚያስረው የመጀመሪያውን መግቢያ ብቻ ነው። አንዴ ቦዩ ከተከፈተ በኋላ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ልታሰፋው ትችላለህ። ወደ ውስጥ ስትሄድ የምላሱ የውጭ ጎን ባዶ ቦታ ላይ ነው። የውስጡ ግድግዳ ደግሞ ክቡ እያነሰ ስለሚሄድ ከምላሱ ይበልጥ ይሸሻል። ወደ ውጭ ስትሄድም ውስጡ ባዶ ነው፣ የውጭው ግድግዳ እየተቃና ይሄዳል። ስለዚህ ሰፊ ቦይ ካለህ፣ ለምሳሌ ከውጭ 90 ከውስጥ 58 ቢሆን፣ ያ 80–130 ሆልደርህ በትክክል ይሠራዋል። መጀመሪያ 90ው ላይ ትገባለህ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ትራመዳለህ። አሁን ያለህ ቦይ ግን ከውጭም 58 ብቻ ነው። 80 የሚባል ቦታ የለውም። ለዚህ ነው ሌላ ሆልደር ያስፈልግሃል የምልህ።

ስትመርጥ በዚህ ቅደም ተከተል አስብ። መጀመሪያ ዲያሜትር፤ 58 በሁለቱ ቁጥሮች መካከል መውደቅ አለበት። ሁለት ሆልደር ቢገኝና ሁለቱም 58ን ቢይዙ ለትልቁ ክብ የተሠራውን ውሰድ። ምላሱ ብዙም ያልተጠማዘዘ ስለሆነ ይበልጥ ጠንካራ ነው።

ከዚያ ጥልቀት። እዚህ ላይ ስስት ጥሩ ነው። የምትፈልገው 6 ነው። 20 ሚሊሜትር የሚገባ ሆልደር «ለሌላ ጊዜም ይሆነኛል» ብለህ አትግዛ። የወጣ ነገር የሚጎብጠው በርዝመቱ ኩብ ነው። 12 የሚገባውንና 20 የሚገባውን ብታወዳድር፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ የ20ው ከ4 እጥፍ በላይ ይጎብጣል። ንዝረቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የቦዩ ወለል ላይ ማዕበል የመሰለ ምልክት ካየህ መጀመሪያ የምላሱን ርዝመት ጠርጥር።

ሦስተኛው የኢንሰርቱ ስፋት ነው። ላንተ ቦይ ከ3 ይልቅ 4 ሚሊሜትር ብትወስድ ደስ ይለኛል። ኢንሰርቱ ሲሰፋ ምላሱም ይወፍራል፤ ወደ ጎን ያለው ጥንካሬ በውፍረቱ ኩብ ይጨምራል። ከ3 ወደ 4 ሲሄድ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ልክ 5 ሚሊሜትር ኢንሰርት ገዝቶ በአንድ ምት መጨረስ የሚያምራቸው አሉ። እኔ አልወደውም። የቦዩን ስፋት ማስተካከያ አይተውልህም፣ ፍቅፋቂውም ቦዩን ሞልቶ ይወጣል፣ ሁለቱንም ግድግዳ እየቧጨረ። በ4ቱ መሃል ላይ ግባ፤ በየጎኑ ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር ይቀርሃል። ከዚያ የውጭውን ግድግዳ ከቦዩ አፍ እስከ ወለሉ አውርደህ ወለሉን ወደ መሃል ጥረግ፣ ውጣ፣ በመጨረሻ የውስጡን ግድግዳ አውርድ። ወለሉ ላይ መጋጠሚያው እንዳይታይ ሁለቱም በአንድ ጥልቀት መቆም አለባቸው። ድሮይንጉ ላይ የተፈቀደውን የጥግ ራዲየስ ደግሞ አትርሳ። የኢንሰርቱ ጥግ ከዚያ ከበለጠ ቦዩ አምሮ ይወጣና ተቆጣጣሪው ይመልሰዋል።

ፍቅፋቂን በተመለከተ ይህን ብቻ ልበል። የመጀመሪያው መግቢያ ላይ ፍቅፋቂው በደንብ እንዲሰበር አትጠብቅ። ረዥም ይሆናል፤ ዋናው ነገር መውጣቱ ነው። ቦዩ ውስጥ ከታፈነ ኢንሰርቱን ይሰብራል፣ አንዳንዴም ምላሱን ጭምር ይዞ ይሄዳል። ኩላንቱን (ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ቀጥታ ቦዩ ውስጥ አስገባ። በእጅ ከሆነ የምትሠራው በየአንድ ሁለት ሚሊሜትሩ ወጣ እያልክ አጽዳ። ማሽኑን ሳታቆም ግን በእጅህም በጨርቅም አትንካው፤ ረዥም ፍቅፋቂ ጣት ይዞ ይጠቀለላል። ፊዱን፣ ማለትም ኢንሰርቱ በየዙሩ የሚገባውን፣ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር በዙር ጀምር። በጣም አትፍራ፤ ፊዱ ሲያንስ ኢንሰርቱ ከመቁረጥ ይልቅ ይፋተጋል፣ ንዝረቱም ይብሳል። ለካርባይድ ኢንሰርት የመቁረጫ ፍጥነቱን በደቂቃ 120 ሜትር ብትይዝ በ58 ዲያሜትር ወደ 660 ዙር ይሆናል። ዕቃው በደንብ ካልታሰረ ከዚያ ዝቅ በል።

ጥያቄ ሁለት

«የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ቶርኖ ኦፕሬተር ነኝ። መሣሪያዎቹን የሚይዘው ቱሬት ከኋላ ነው፣ ኢንሰርቶቻችን ወደ ታች ያያሉ። የፊት ቦይ ሆልደር አዘዝን። ዲያሜትሩ ልክ ነው። ሲመጣ ግን የምላሱ መታጠፍ በተቃራኒ ሆነ። የመሣሪያ ክፍሉ ሰዎች ‹ስፒንድሉን ገልብጠሽ አዙሪው፣ ይሠራል› አሉኝ። እውነት ነው? ደግሞም ቀጥ ያለውና ባለ 90 ዲግሪው ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

እህቴ፣ የነገሩሽ ግማሹ እውነት ነው። ያልነገሩሽ ግማሽ ግን ሆልደሩን የሚሰብረው ነው።

የፊት ቦይ ሆልደር እንደ ሌላው ሆልደር ቀኝና ግራ ብቻ አይደለም። መታጠፉ ከስፒንድሉ (ዕቃውን ይዞ ከሚዞረው ዘንግ) አዟዟር ጋር የተሳሰረ ነው። ምላሱ ከኢንሰርቱ ጀርባ በሚወርድበት አቅጣጫ ወደ ስፒንድሉ መሃል መታጠፍ አለበት። አንቺ ጋ ኢንሰርቱ ወደ ታች ስለሚያይ ስፒንድሉ በኤም03 (ወደ ፊት በሚያዞረው ትእዛዝ) ይዞራል፤ ምላሱ ከኢንሰርቱ ወደ ላይ ይሄዳል። የመጣልሽ ሆልደር በዚህ አቀማመጥ ቢታሰር ምላሱ ከመሃል ይሸሻል፤ ግድግዳውን ወዲያው ይመታል። ስፒንድሉን በኤም04፣ ማለትም ወደ ኋላ፣ ማዞር ብቻውን ምንም አይጠቅምም። የዕቃው ብረት በኢንሰርቱ ጀርባ በኩል ይመጣል ማለት ነውና።

የሚሠራው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሆልደሩ ተገልብጦ ኢንሰርቱ ወደ ላይ ያያል፣ ስፒንድሉም በኤም04 ይዞራል። ያኔ መታጠፉ በትክክል ወደ መሃል ይሆናል። ግን ቱሬትሽ ሆልደሩን ገልብጦ ሲይዝ ኢንሰርቱ መሃል ከፍታ ላይ ይመጣል ወይ? ሁሉም ብሎክ ይህን አይፈቅድም። ለክተሽ አረጋግጪ። ስፒንድሉ ላይ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚታሰር ቻክ (ዕቃ መያዣ) ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ማዞር ቻኩን ሊፈታው ይችላል፤ እሱን በጭራሽ አትሞክሪው። ኢንሰርቱ ወደ ላይ ሲያይ ፍቅፋቂው እንደ ቀድሞው በራሱ አይወድቅም፤ ኩላንቱን ጠንከር አድርጊ። ይህ ሁሉ ከሚሆን፣ የሚመለስ ከሆነ መልሰሽ ትክክለኛውን ብታዝዢ ይሻላል እላለሁ።

ሆልደሩ እንደመጣ የምትሠሪው ቀላል ፍተሻ አለ። ወፍራም ካርቶን ውሰጂ። የቦዩን ሁለት ክቦች በሙሉ ልካቸው በኮምፓስ ሣዪ። በመሃላቸው አግድም ቀጥ ያለ መስመር አሳልፊ። ከዚያ በሁለቱ ክቦች መካከል ያለውን ቀለበት ከግማሹ በታች በምላጭ ቁረጪና አውጪው። አሁን በካርቶን የተሠራ ቦይ አለሽ። ሆልደሩን ከፊት ለፊት አምጪና የኢንሰርቱን ጠርዝ መስመሩ ላይ አድርጊ። ምላሱ ክፍተቱ ውስጥ ሳይነካ ከገባ ጥሩ ነው። በተቃራኒ የታጠፈ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ካርቶኑን ይገፋዋል። ዲያሜትሩ የተሳሳተም ከሆነ በየትኛው ጎን እንደሚነካ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። አንቺ ጋ ኢንሰርቱ ወደ ታች ስለሚያይ ካርቶኑን ገልብጠሽ ማሰብሽን ብቻ አትርሺ። እኔ ለምደግማቸው ሥራዎች እነዚህን ካርቶኖች ዲያሜትራቸውን ጽፌባቸው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ።

ቀጥ ያለውና ባለ 90 ዲግሪው የሚለዩት በአሳሰራቸው ነው። ቀጥ ያለው ምላሱ ከእጀታው ጋር በአንድ መስመር ነው፤ እጀታው ከስፒንድሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሰራል። ባለ 90ው እጀታው ከስፒንድሉ ጋር ተሻጋሪ ሆኖ ምላሱ ወደ ጎን ይወጣል። ቱሬትሽ ላይ ባዶ ያለው ጣቢያ የትኛው ነው የሚለው ይወስንልሻል። ቦዩ ጉድጓድ ውስጥ ካለ ግን ሁለቱም አይገቡም፤ ባር መሰሉን ያስፈልግሻል፣ እሱም በተቻለ መጠን ወፍራምና አጭር ይሁን።

በሁለቱም ዓይነት አንድ ነገር ግድ ነው። ምላሱ ከስፒንድሉ ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ዳያሉን (ባለ መርፌ መለኪያውን) ቱሬቱ ላይ ሳይሆን ስፒንድሉ በኩል እሰሪና ቱሬቱን በዜድ፣ ማለትም በስፒንድሉ ዘንግ አቅጣጫ፣ እያንቀሳቀስሽ የሆልደሩን ጎን አስነኪ። መርፌው ከሄደ ምላሱ ጠማማ ነው፤ ዲያሜትሩ ትክክል ቢሆንም ጥልቀቱ ሲጨምር አንዱን ግድግዳ መንካቱ አይቀርም።

ጥያቄ ሦስት

«የራሴ አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። ያለኝ የእጅ ቶርኖ ብቻ ነው። አንድ ደንበኛ ለአንድ ክዳን ብቻ የኦሪንግ ቦይ ፈለገ። ኦሪንጉ ከውስጥ ያለውን ግፊት ነው የሚዘጋው። የቦዩ የውጭ ዲያሜትር 58፣ ስፋቱ 5፣ ጥልቀቱ 3 እንኳን አይሞላም። ለአንድ ክዳን ሆልደር መግዛት አላዋጣኝም። ሃይ ስፒድ ስቲል ሞርጄ ልሠራው እችላለሁ? በድሮ ጊዜ ያደረግኩት ቢሆንም ምላሱ ተሰበረብኝ።»

ይችላሉ። ለአንድ ዕቃ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። የተሰበረብዎት ምላሱን በጣም ረዥም አድርገው ወደ ታች ስለተዉት ይመስለኛል።

ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ ያሰላሁትን ይመልከቱ። በ58 ዲያሜትር ምላሱ ከመሃል 10 ሚሊሜትር ቢወርድ ግድግዳው 1.78 ይገባበታል። ፋብሪካው ምላሱን አጠማዝዞ ይሠራዋል፤ ውፍረቱ ስለማይቀንስ ችግር የለበትም። እርስዎ ግን ቀጥ ያለ ብረት ነው የሚሞርዱት። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ላይ በውጭ በኩል 2 ሚሊሜትር ቢያነሱ ከታች የሚቀረው 1 ሚሊሜትር ነው። እሱ ነው የሚሰበረው።

መፍትሔው ምላሱን ከታች ማሳጠር ነው። ወደ ታች 6 ሚሊሜትር ብቻ ይተዉለት። በዚያ ቁመት ግድግዳው የሚገባው 0.63 ብቻ ነው። ለጥንቃቄ ወደ 0.9 ቢያነሱ ከታች 2 ሚሊሜትር ገደማ ይቀርልዎታል። ጥልቀቱም 3 ስለማይሞላ ከፊት የሚወጣውን 4 ሚሊሜትር ብቻ ያድርጉት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ብረት ሙሉ ውፍረቱን ይዞ ይቅር። አጭርና ድንቡሽ ያለ መሆን አለበት።

ሲሞርዱ ውጭውን ጎን ቀስ በቀስ ከላይ ወደ ታች እየሸሸ እንዲሄድ ያድርጉት። የውስጡን ጎን ከመቁረጫው ጠርዝ በጣም በትንሹ ብቻ ያሳሱት፤ እዚያ ግድግዳው ራሱ ይሸሻልዎታል። ብረቱ እንዳይሞቅ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ሁለቱ የፊት ጥጎች ስለታም ሆነው እንዳይቀሩ በዘይት ድንጋይ ነካ ያድርጓቸው። ሲጨርሱ ያንኑ የካርቶን ፍተሻ ያድርጉ፣ ከዚያ ማርከር ቀብተው ግማሽ ሚሊሜትር ገብተው ይውጡ።

የመሃል ከፍታውን ከቴይልስቶኩ (ከስፒንድሉ ፊት ለፊት ካለው ድጋፍ) ሴንተር ጫፍ ጋር አስጠግተው ያስተካክሉ። ይህ ለዚህ ሥራ ከሌላው ይበልጥ ወሳኝ ነው። የተሞረደው ምላስ ውጭ በኩል በጥቂቱ የሚነካ ከሆነ ቢላውን ከመሃል በጣም በትንሹ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ውስጥ በኩል ከነካ ዝቅ ማድረግ ነው። ግን ይህ ለጥቂት የሚሊሜትር አስረኛ እንጂ የተሳሳተ ሙረዳን አያስተካክልም። መልሶ መሞረድ ይሻላል።

ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ። ለለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ ስቲል በደቂቃ 20 ሜትር ይያዙ፤ በ58 ዲያሜትር ወደ 110 ዙር ነው። ዘይት በብሩሽ ይቀቡ። ሳድሉን (ዋናውን ተንሸራታች) ቆልፈው በኮምፓውንዱ (ከላይ ባለው ትንሹ ተንሸራታች) ይግቡ፤ የኮምፓውንዱ ዜሮ በትክክል ከዘንጉ ጋር ትይዩ መሆኑን አስቀድመው በዳያል ይዩ። የመጨረሻዋን ጥልቀት ሲደርሱ አንድ ሁለት ዙር ብቻ ቆም ይበሉና ይውጡ። ከዚያ በላይ ከቆሙ ቢላው ወለሉን ይፋተገዋል፤ የኦሪንግ ወለል ደግሞ የንዝረት ምልክት አይፈልግም።

ግፊቱ ከውስጥ ነው ብለዋል። እንዲያ ከሆነ ኦሪንጉ የሚገፋው ወደ ውጭኛው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ዲያሜትሮች በጥብቅ የሚጠበቀው የውጭው ነው፤ ኦሪንጉ ገና ሲቀመጥ እሱን ተደግፎ መቀመጥ አለበት። ግፊቱ ከውጭ ቢሆን ኖሮ የውስጡ ይሆን ነበር። መጀመሪያ 57.4 አካባቢ ላይ ይግቡ፣ ስፋቱን ወደ ውስጥ ይጨርሱ፣ ከዚያ በካሊፐር የውስጥ መንጋጋ የውጭውን ዲያሜትር ለክተው በመጨረሻ ወደ 58 ያምጡት። የቦዩን አፍ ሁለቱንም ጠርዝ በጥሩ ሸራ ወረቀት ነካ ነካ አድርገው ሹልነቱን ይስበሩት፤ ኦሪንጉን ሲያስገቡ የሚቆርጠው እሱ ነው።